እግርና ከበሮ

የሰው ልጅ በሁለት እግሩ ቆሞ መሄድ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ርምጃው ምት አለው፤ ምት ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ዜማን ይጠራል። ስለዚህ ሩጫና ሙዚቃ በአንድ ጎዳና ላይ ቢገናኙ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፣ ከተገናኙ በኋላ ከሁለቱ የትኛው የትኛውን እንደሚያገለግል ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ ማለፋችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ በዓለም ከተሞች አንድ ልማድ ተስፋፍቷል። እሑድ ጠዋት መንገድ ለመኪና ይዘጋል፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውን ማራቶን ወይም የዚህን እኩሌታ ይሮጣል፤ በመንገዱ ዳር በተወሰነ ርቀት መድረክ ተሠርቶ ባንድ ይጫወታል። በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያዋ የሳን ዲዬጎ ከተማ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ማራቶን የሮክ ባንዶች በየማይሉ እንዲቆሙ ተደርጎ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. በለንደን፣ በግሪኒች አካባቢ የተካሄደው ግማሽ ማራቶን ደግሞ ከዚህ አንድ ርምጃ አልፎ ሄደ፤ ለሯጩ የሚሰማው ሙዚቃ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት የዩኒቨርሲቲ ምሁር ምክር ተጠየቀበት። በእኛው አገር በ2001 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ጠባዩ ከዚሁ ወገን ነው። በመጀመሪያው ዓመት አሸናፊው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሩጫው በሕዝብ ዘንድ የተወደደው ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ሳይሆን፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሰ ከተሜ እየዘፈነና እየጨፈረ በገዛ ጎዳናው ላይ ስለሚፈስበት ነው።

በዚህ ልማድ ላይ ሁለት ክሶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው ከጥብቅ ስፖርተኞች ወገን የሚመጣ ነው። ረጅም ሩጫ ሰው ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግል ነው፤ በከበሮና በጊታር የተገኘ ጉልበት የውሰት ጉልበት ነው፤ በውሰት ጉልበት የተገኘ ድል ደግሞ የባለቤቱ አይደለም ይላሉ። ሁለተኛው ክስ የጠለቀ ነው። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ሙዚቃ ዘበኛውን ያስተኛዋል፤ ስለዚህ ሙዚቃ ሯጩን አይረዳውም፣ ያታልለዋል የሚል ነው። እኔ ከሁለቱ የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው። በኪነ ጥበብ የምንተዳደር ሰዎች ሕዝብን አነቃቃን ስንል መኖራችን የታወቀ ነው፤ በማነቃቃትና በማደንዘዝ መካከል ያለው ወሰን የት ላይ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንጠየቅም። የከተማው ሩጫ ይህን ጥያቄ ከወረቀት ላይ አንሥቶ በሰው ሳንባና ጉልበት ላይ ያስቀምጠዋል።

የመጀመሪያውን ክስ በቶሎ ማለፍ ይቻላል። ካርል ቢዩኸር የተባለው ጀርመናዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1896 እ.ኤ.አ. «ሥራና ምት» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሙዚቃና የግጥም መነሻ የሰው ልጅ በኅብረት ሲሠራ የሚያሰማው ምት መሆኑን ለማስረዳት ከብዙ ሕዝቦች የሥራ ዘፈን ሰብስቦ ነበር። አስተሳሰቡ ሁሉን ነገር ይገልጻል ባይባልም፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በደቦ የሚያጭድ ገበሬ በዘፈን ያጭዳል። አውድማ ላይ በሬ የሚነዳው ለበሬው እያዜመ ይነዳል። ሌሊት ወፍጮ ላይ የተደፋች እናት በእንጉርጉሮዋ መጁን ትገፋለች። ከእነዚህ ለአንዳቸውም «እየዘፈንክ ስላጨድክ አዝመራው ያንተ አይደለም»፣ «እያንጎራጎርሽ ስለፈጨሽ ዱቄቱ ያንቺ አይደለም» ያለ ሰው የለም። ጉልበትን ከዜማ ነጥሎ ማየት በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሐሳብ ነው።

ሆኖም ይህ መልስ ሁለተኛውን ክስ አይነካውም፤ እንዲያውም አንድ ልዩነት ያጋልጣል። የደቦው ዘፈን አውጪ ማጭድ በእጁ ይዟል። ሲደክመው ዜማው ይደክማል፤ ፀሐዩ ሲበረታ እሱም ይጠማዋል፤ የሚያወጣው ዘፈን የገዛ ወገቡን ስለሚያውቅ ከወገቡ በላይ አይሄድም። ወፍጮ የምትፈጨዋም ዘፋኝና ሠራተኛ በአንድ ገላ ናት። ወደ ጦርነት እንኳ ብንሄድ፣ በቀረርቶና በሽለላ ዘማቹን የሚያነሣሣው አዝማሪ ከዘማቹ ጋር ይዘምታል፤ የሚያደርሰው አደጋ ለእሱም ይደርሰዋል። በከተማው ሩጫ ግን ሯጩ ይሮጣል፣ ሙዚቀኛው ቆሟል። አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ይዘፈንለታል። እንግዲህ ጥያቄው ሙዚቃ ጉልበት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው አይደለም፤ የሌላውን ገላ የሚያንቀሳቅስ ሰው ለዚያ ገላ ምን ያህል ተጠያቂ ነው የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ አሮጌ ጥናት አለ። በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው አዳራሽ የስድስት ቀን የብስክሌት ውድድር ይደረግ ነበር። ሌናርድ ኤርስ የተባለ አሜሪካዊ፣ አዳራሹ ውስጥ ባንድ ሲጫወትና ሲያቆም ብስክሌተኞቹ የሚሄዱበትን ፍጥነት ለክቶ ውጤቱን በ1911 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ባንዱ ሲጫወት አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት 19.6 ማይል፣ ሲያቆም 17.9 ማይል ሆኖ ተገኘ፤ በእኛ ልኬት 31 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማና 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩን ያየ ሁሉ የሙዚቃን ኃይል ያደንቃል። እኔ ግን የባንዱን ደመወዝ ማን ይከፍል ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ባንዱ የተቀጠረው ለብስክሌተኛው አልነበረም፤ ቲኬት ቆርጦ ለገባው ተመልካች ነበር። የብስክሌተኛው እግር መፍጠን ለተመልካቹ የተጨመረ መዝናኛ ነበር። ውድድሩ የሰውን አካል እስከምን ድረስ ያደክም እንደነበር ለማወቅ፣ የኒው ዮርክ ሕግ አውጪዎች በ1898 እ.ኤ.አ. አንድ ተወዳዳሪ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይጋልብ በሕግ እስከ መከልከል መድረሳቸውን ማስታወስ ይበቃል። ሕጉ ያን ገላ ሲጠብቀው ባንዱ ግን አልጠበቀውም።

ዛሬ ነገሩን የሚያጠኑት ምሁራን ከኤርስ የበለጠ ረቂቅ ነገር ደርሰውበታል። በለንደን ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት በዚህ ጉዳይ የሠራው ኮስታስ ካራጆርጊስ ከባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው፣ አካል በዝግታ ወይም በመጠነኛ ፍጥነት ሲሠራ ሙዚቃ የድካምን ስሜት አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ድካሙን አይደለም፤ የድካሙን ስሜት ነው። ሯጩ ፍጥነቱን ጨምሮ ትንፋሹ መቆራረጥ ሲጀምር ግን ሙዚቃው ይህን ማድረግ ይሳነዋል። የልብ ምቱና የሳንባው ጩኸት ከማንኛውም ድምፅ ማጉያ ይበልጣልና። በዚያን ጊዜ ሙዚቃው የሚችለው ሕመሙን መደበቅ ሳይሆን ሕመሙን የሚሸከመውን ሰው መንፈስ ማገዝ ብቻ ነው።

ይህ ግኝት ለእኔ ከላቦራቶሪው ውጭም ትርጉም አለው። ሙዚቃ እጅግ ኃይለኛ የሚሆነው ሯጩ እጅግ በማይፈልገው ጊዜ፣ ማለትም መነሻው ላይ፣ ገና ጉልበቱ ሙሉ ሳለ ነው ማለት ነው። የሚያታልልም ከሆነ የሚያታልለው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከጽሕፈት ቤት ወንበሩ ያልተነሣ ሰው መነሻው ላይ በታላላቅ ድምፅ ማጉያዎች መካከል ቆሞ፣ ደሙ ሞቆ፣ ከጎኑ ያለው ሺህ ሰው ሲዘል አብሮ ዘልሎ ይነሣል። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የእሱ አይደለም፣ የከበሮው ነው። ሁለተኛውን ዳገት ሲጀምር ከበሮው ከኋላው ቀርቷል፤ ዕዳው ግን አብሮት ነው። የዝግጅቱ ባለቤቶች መነሻው ላይ እጅግ የሚያስጮኸውን ባንድ፣ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ የተገኘውን የሚያቆሙበት ልማድ ካለ፣ ልማዱ ለፎቶ ግራፍ እንጂ ለሰው የታሰበ አይደለም።

እዚህ ላይ የኃይሌ ነገር መነሣቱ አይቀርም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በየካቲት 1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የ2,000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ «ስካትማን» የተባለው ዘፈን ይሰማ ነበር፤ የዘፈኑ ምት ከርምጃው ጋር ይስማማለት ነበርና። ታዲያ ክብረ ወሰኑ የማን ነው? የጥያቄው አጉልነት ወዲያው ይታያል። ዘፈኑን አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቶታል፤ ሰዓቱን ያሻሻለው ግን አንድ ሰው ነው። የአትሌቲክስ ደንብም የሚከለክለው ሯጩ ለብቻው በጆሮው ሰክቶ የሚሰማውን መሣሪያ እንጂ በአየር ላይ ለሁሉ የሚፈስሰውን ድምፅ አይደለም። አሜሪካውያን በ2007 እ.ኤ.አ. የጆሮ ማዳመጫን ለሯጭ ሁሉ ከልክለው፣ በማግሥቱ ዓመት ለሽልማት ከሚወዳደሩት በስተቀር ለሌላው ሰው ፈቅደዋል። ደንብ አውጪዎቹ በፍልስፍና ቋንቋ ባይናገሩትም አንድ እውነት ነክተዋል ብዬ አስባለሁ፤ ለብቻ የተያዘ ዜማ መሣሪያ ነው፣ በጋራ የሚሰማ ዜማ ግን የአየር ጠባይ ነው። እርግጥ ነፋስም ለአንዱ ከጀርባ፣ ለሌላው ከፊት ይነፍሳል። በዚያች ዕለት የዘፈኑ ምት ከርምጃው ጋር ያልገጠመለት ሯጭ ቢኖር ቅር ሊለው ይችላል።

ከኃይሌ ወደ አበበ ስንመለስ ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ እናያለን። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ውድድሩ የተካሄደው አመሻሽ ላይ ነበር፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን፣ ያለ አንዳች ማርሽ፣ ለረጅም ጊዜ ሮጠ። በዚያ መንገድ ላይ ሁለቱ የሰሙት ሙዚቃ ቢኖር የየራሳቸው ትንፋሽና የአንዳቸው ለሌላው የእግር ኮቴ ነው፤ አንዱ ጫማ ያለው፣ ሌላው የሌለው። አበበ ወደ መጨረሻው ተነጥሎ የሄደው ከአክሱም ተወስዶ በዚያ ቆሞ ከነበረው ሐውልት አቅራቢያ መሆኑን እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ያውቃል። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ሙዚቃው የመጣው ከሩጫው በኋላ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን ድል ሲያገኝ ደግሞ የሽልማቱ ባንድ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላልያዘ የጃፓንን መዝሙር አሰማ። አበበ ማርሽ ሳይመታለት ሮጦ፣ የሰው መዝሙር ተመታለት።

ይህን ያነሣሁት «የድሮ ሯጭ ያለ ሙዚቃ ያሸንፍ ነበር» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ወቀሳ የስንፍና ወቀሳ ነው። ያነሣሁት ዝምታም የራሱ ዜማ ያለው መሆኑን ለመጠቆም ነው። ሯጭ ትንፋሹን የሚሰማበት፣ እግሩ በምን ያህል ክብደት መሬት እንደሚያርፍ የሚለይበት፣ ጎኑ ያለው እንግዳ ሰው እንደ እሱው እየተቸገረ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ሊተውለት ይገባል። ባንዶቹን በየማይሉ ደርድሮ አንድም ደቂቃ ጸጥታ እንዳይኖር ያደረገ አዘጋጅ፣ ሰውዬው ከራሱ ጋር እንዳይገናኝ አጥር አጥሮበታል። ከተማይቱም ጆሮ አላት። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው አለ፤ በሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ አለ፤ ሌሊቱን በዘበኝነት አድሮ ያሸለበ አለ። ጎዳናው የሁሉም ነው። ከቤተ ክርስቲያንና ከሆስፒታል ፊት ለፊት ድምፅ ማጉያውን ማጥፋት ለእነሱ የሚደረግ አክብሮት ሲሆን፣ ለሯጩም ዕረፍት ይሆንለታል።

ወደ ሙዚቃው ዓይነት ልለፍ። አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው ድርሰቱ ውስጥ ጂምናስቲክንና ሙዚቃን አጣምሮ ያነሣል። ሁለቱም ለነፍስ የተሰጡ ናቸው፤ በጂምናስቲክ ብቻ ያደገ ሸካራ ይሆናል፣ በሙዚቃ ብቻ ያደገ ይልፈሰፈሳል ይላል። ከዚያ ግን አንዳንዱን ቅኝት የልቅሶና የመለስለስ ቅኝት ነው ብሎ ከከተማው ያስወጣዋል። የዛሬዎቹ የሩጫ አዘጋጆች አፍላጦንን ያንብቡ አያንብቡ አላውቅም፤ ግብራቸው ግን የደቀ መዝሙር ነው። በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ምት ያለው፣ ደስ ደስ የሚል፣ የሚያስዘልል ብቻ ይመረጣል። ያዘነ ዜማ ለሯጭ አይሆንም ይባላል።

በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም የሒሳብ ነው። ልምድ ያለው ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ያህል ይረግጣል። ይህ ከ130 ምት ጋር አይገጥምም፤ እግሩ ከከበሮው ጋር ሲጣላ ይውላል። በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ምት ባለው ዝግ ያለ ዘፈን ላይ ግን በእያንዳንዱ ምት ሁለት ርምጃ ልክ ይገባል። ዝግታው የዘፈኑ ነው፤ ፍጥነቱ የሯጩ ነው፤ ሁለቱ ሳይጣሉ አብረው ይሄዳሉ። እንግዲያስ አሥራ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ጭብጨባ ባለቀበትና ሰው ብቻውን በሚቀርበት፣ አንድ ማሲንቆ መቺ በትዝታ ቅኝት ቢጠብቀው ምን ነውር አለው? የእኛ ሰው በትዝታ ሲደክም አላየሁም። ትዝታ ርቀትን የሚያውቅ ቅኝት ነው። ባቲና አምባሰልም እንዲሁ ለመንገድ እንግዳ አይደሉም። የችክችካው ምት ደግሞ በእያንዳንዱ ዋና ምቱ ውስጥ ሦስት ትናንሽ ምቶች ስላሉት እግር በዋናው ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ በትናንሾቹ መካከል መመላለሻ ያገኛል። አዲስ አበባ ላይ ወይም ሐዋሳ ላይ የሚሮጥ ሰው የሳን ዲዬጎን ሮክ በድምፅ ማጉያ እየሰማ መሮጡ ወንጀል አይደለም፤ ግን በደጁ ያለውን ሳይሞክር መበደሩ ያሳዝናል።

አሁን ስለ ቆመው ሰው ልናገር፤ ይህ የሙያዬ ጉዳይ ነውና አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። ተውኔት ጸሐፊ የለመደው ተመልካቹ ተቀምጦ መድረኩ ሲንቀሳቀስ ነው። በከተማው ሩጫ መድረኩ ቆሞ ተመልካቹ ይሮጣል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ድምፅ ማጉያው የሚሰማበትን 200 ሜትር መንገድ በ72 ሴኮንድ ያቋርጠዋል፤ የአንደኛው ረድፍ ሯጭ ደግሞ በ36 ሴኮንድ። የአራት ደቂቃ ዘፈን የሚዘፍን ድምፃዊ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው የሚሰማለት አንድም ሰው የለም። አንዱ መግቢያውን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው አዝማቹን፣ ሌላው ሳክስፎኑ ብቻውን የወጣበትን ቦታ። ዘፈኑ እንደ እንጀራ ተቆራርሶ በሺህ ሰው አፍ ይገባል፤ ሙሉውን ምጣድ የሚያውቀው ጋጋሪው ብቻ ነው። በቲያትር ቤት ተዋናይ ተመልካቹ ሲያዛጋ ይሰማዋል፤ ሲስቅ ይሰማዋል፤ ዝምታውን ሳይቀር ይመዝነዋል። እዚህ ግን ሙዚቀኛው ለአንድ ሰው ጀምሮ ለሌላ ሰው ይጨርሳል።

ይህ ዕጣ ከባድ ቢሆንም ውርደት አይደለም። ለጉልበቱም ሒሳብ አለው። ግማሽ ማራቶንን በሁለት ሰዓት ከሩብ የሚጨርስ ሰው በደቂቃ 160 ጊዜ ቢረግጥ 21,600 ርምጃ ይራመዳል። በደቂቃ 120 ምት የሚመታ ከበሮ መቺ ደግሞ ለሦስት ሰዓት ቢመታ 21,600 ጊዜ ከበሮውን ይነካል። ሁለቱ እኩል ሠርተዋል ማለት ነው። አንደኛው ሜዳልያ በአንገቱ ይንጠለጠልለታል። ሁለተኛው መሣሪያውን በጭነት መኪና ላይ ይጭናል።

ሙዚቀኛው ቆሟል ብዬ ነበር፤ ግን ቆሞ የሚያይ ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚፈታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የተቀዳ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ የሚያልፈውን ሰው አያይም። ሰውየው ይሳቅ፣ ይንገዳገድ፣ ለሙቀቱ ተሸንፎ ዐይኑ ይፍዘዝ፣ ዘፈኑ ያው ነው። በፊቱ የቆመ ድምፃዊ ግን ያያል። አዝማሪ በጠላ ቤት ሳለ የእያንዳንዱን እንግዳ ፊት አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ለደስተኛው አንድ፣ ለተከዘው ሌላ ስንኝ የሚያወጣው ለዚሁ ነው። ያያል ማለት ደግሞ ይጠየቃል ማለት ነው። በፀሐይ የጋለ ሯጭ መንገዱ ጠፍቶት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ እያየ «በርታ! ጨምር!» እያለ ከበሮውን የሚያፋጥን ሙዚቀኛ፣ ከስድስት ቀኑ ውድድር ባንድ አይሻልም። ከበሮውን አለዝቦ ወደ ቀይ መስቀል ሠራተኛው እጁን የሚያመለክት ግን በደቦው ውስጥ ማጭድ እንደ ያዘው ዘፈን አውጪ ነው፤ የሌላውን ወገብ እንደ ገዛ ወገቡ አውቋልና። ሙዚቃ ዘበኛውን ካስተኛው ሙዚቀኛው ራሱ ዘበኛ መሆን አለበት። ይህ እንግዲህ ለባንዶቹ አስቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባ ነገር ነው፤ የዕለቱ ትምህርት አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

የመጨረሻዎቹን ሯጮች ጉዳይ ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆየሁት። ፈጣኖቹ መድረኩን በሚያልፉበት ጊዜ ባንዱ ትኩስ ነው፣ ካሜራው ቆሟል፣ ሕዝቡ ተሰልፏል፤ እነሱ ግን ሙዚቃ አያስፈልጋቸውም፤ ትንፋሻቸው ከሙዚቃው በላይ እንደሚጮህ አይተናል። ቀጥሎ ብዙኃኑ ይመጣል፤ ይዘላል፣ ይጨፍራል፣ ያልፋል። ከዚያ መንገዱ ይሳሳል። አንድ ሰዓት ቆይቶ አንዲት ወፈር ያለች መካከለኛ ዕድሜ ላይ የምትገኝ ሴት፣ አንድ ጉልበቱን ያሰረ ሽማግሌ፣ ከልጁ ጋር የሚያዘግም አባት ይመጣሉ። ሙዚቃ የድካምን ስሜት በእውነት የሚያቀልለው በዝግታ ለሚሄድ ሰው ነው ከተባለ፣ ሙዚቃው የእነዚህ ነው። ሆኖም በዚህ ሰዓት በስንቱ ከተማ ሽቦው እየተጠቀለለ፣ ከበሮው በሽፋኑ እየገባ፣ የትራፊክ ፖሊስም መንገዱን ሊከፍት ሰዓቱን እያየ ነው። ሙዚቃው ለማን እንደ ተመታ የሚታወቀው በዚህ ሰዓት ነው እንጂ መነሻው ላይ በነበረው ግርግር አይደለም።

አዘጋጆች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ከንቱ አይደለም። መንገድ ለዘላለም ተዘግቶ አይቀርም፤ አምቡላንስ ማለፍ አለበት፤ ባንዱ የተዋዋለው ለሦስት ሰዓት ነው፤ ድምፅ ማጉያውን የሚያስነሣው ጄኔሬተር ነዳጅ ይበላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ለዚህ ሁሉ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። ትልቁ ባንድ ሲሄድ አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ የቀበሌው ወጣቶች አንድ ከበሮ ሊቀሩ ይችላሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ኤሌክትሪክ አይጠይቁም፤ መንገዱ ቢከፈት የእግረኛው ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፤ ከሴትዮዋም ጋር ጥቂት ርምጃ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። የዚያን ጊዜ ያ ከላይ ያነሣሁት ልዩነት፣ አንዱ ቆሞ ሌላው የሚሮጥበት፣ ለጥቂት ሜትርም ቢሆን ይጠፋል።

ክፍያውስ? እኔ እስከማውቀው ድረስ በእንዲህ ያለ ቀን «ለስም ነው» ተብሎ በነጻ እንዲጫወት የሚጠየቅ ሙዚቀኛ ጥቂት አይደለም። ለሯጩ ካናቴራውን የሰፋው ልብስ ሰፊ ይከፈለዋል፤ መድረኩን የሠራው አናጢ ይከፈለዋል፤ ውሃውን ያቀረበው ነጋዴ ይከፈለዋል። ከሁሉ በኋላ የቀረውን፣ የመጨረሻዋን ሴት እስክታልፍ የጠበቀውን ማሲንቆ መቺ ሒሳብ በተለይ ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከባንዱ ውል ጋር ከተጻፈ ይዋጣል። ለሯጩ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ውሃ ይቀመጥለታል። ለማሲንቆ መቺውም ከመድረኩ ጎን ወንበር፣ ጥላና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይቀመጥለት።